የታሂር አዛንና የሕፃኑ ልብ

ደህና ልጅ ታስሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የታሰረው የእህቴ ልጅ ነው፤ ገና እትብቱ ያልደረቀ ሕፃን። ያሰረው ደግሞ ፖሊስ አይደለም፤ የልብ ምት የሚቆጥር ማሽን ነው። ለሰው ሳወራው ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ደሜ ይፈላል። ነገሩ የሕፃኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት፤ ግን የአባቴም ጉዳይ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አባቴን ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» ትላላችሁ።

አባቴ ታሂር ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ዕድሜ ልኩን ማሽላና ጤፍ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ለመጥለፍ መንደሩ ሲወጣ ከፊት የሚቆመው እሱ፤ ጎረቤት ያለ ተራው ውኃ ሲወስድ ዱላ ይዞ የሚመጣውም እሱ። ቁጣው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። የኔ ቁጣ ከማን እንደመጣ አትጠይቁ፤ ልዩነቱ የኔው ቶሎ አይሄድም።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ነው። የመንደራችን መስጊድ ድምፅ ማጉያ ሳይገባለት በፊት አዛን የሚለው እሱ ነበር። ከብት የሚነዳውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም በሩቁ ሰምቶ «ታሂር ጠራ» ብሎ እርምጃውን ያፈጥናል። ማጉያው ሲገባ ማይኩን ለወጣቶቹ ተወላቸው። «ይሁና፣ ሸጋ ነው» አለ። ማኩረፉን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ለድምፁ የቀረለት ቦታ አንድ ብቻ ሆነ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ጆሮ።

በእኛ ወግ ልጅ ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን ይባልለታል፤ የዚህን ዓለም ወሬ ከመስማቱ በፊት የአላህን ስም ይስማ ተብሎ። ማንም ሙስሊም ሊለው ይችላል። በመንደራችን ግን አራስ ካለችበት ቤት ሁሉ የሚላከው ወደ አባቴ ነው። በውኃ ተራ ተጣልተውት ዓመት የተኮራረፉት ሰዎች እንኳ ልጅ ሲወለድላቸው ሽማግሌ ሳይልኩ ራሳቸው በሩን ያንኳኳሉ። እሱም ኩርፊያውን ደጅ ትቶ ይገባል፤ ሕፃኑን ያቅፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ አዛኑን ይላል። ሲጨርስ ደግሞ የማይቀር ቀልድ አለችው፦ «እንግዲህ ሰምተሃል፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል» ይለዋል ሕፃኑን።

የኔዋ ልጅ ኑሀ የተወለደችው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከቤት ሸሽተን፣ ማሽላ ውስጥ ተደብቀን ሳለን ምጡ መጣ። ሐኪም የለ፣ ጓንት የለ፣ ንጹሕ ውኃ እንኳ የለ። አባቴ ሻርፑን አውልቆ ጠቀለላትና፣ ሰው እንዳይሰማን ያንን መንደር የሚሞላ ድምፁን ወደ ሹክሹክታ አወረደው። አዛኑን በጆሮዋ እንደ ምስጢር ነገራት። ዛሬ ኑሀ ትምህርት ቤት ስትጮህ ቆቦ ከተማ ድረስ ይሰማል። ልቧን ያኔ የቆጠረላት ማንም አልነበረም።

ከዓመት ወዲህ የአባቴ ልብ ደከመ። ከቤት እስከ በረት ሲሄድ ያለከልካል፤ እግሩ ያብጣል፤ ጋደም ማለት አቅቶት ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያድራል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አዳመጡትና «ልባቸው ሰፍቷል» አሉ። ኪኒን ሰጡን፤ ለቀረው ደሴ ሂዱ አሉን። ደሴ! የመኪናውን መንገድ ሲያስበው ገና እስትንፋሱ ያጥረዋል። «እዚያ ሄጄ ሰው በማያውቀኝ ቦታ ከምንከራተት እዚሁ ማሽላዬን እያየሁ ልቀመጥ» አለ። ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል ሐሳቡን አይለውጥም፤ እኔም ተሸነፍኩ።

በዚህ መሃል ታናሽ እህቴ ሳቢራ አረገዘች። ሳቢራ የአባቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ካገባች ቆይታለች፤ ልጅ ግን እምቢ ብሏት ስንት ዱዓ ተደርጎላታል። ባሏ ሙንተሲር ሳዑዲ ነው የሚሠራው። መጥቶ ከርሞ ሲመለስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሆነ። አባቴ ሲሰማ ፊቱ በራ። «አላህ ይቺን ብቻ ይስጠኝ። የሳቢራን ልጅ አዛን ልበልበት፤ ከዚያ በኋላ የወደደውን ያድርግ» አለ። ይጥለው የነበረውን ኪኒን በሰዓቱ መዋጥ ጀመረ። ጨው ተው ሲሉት ይሳደብ የነበረ ሰው አልጫ በላ። ወራቱን ሁሉ የገፋው ያችን ቀን ብሎ ነው፤ እኔ ዓይኔ እያየ ነው የገፋው።

ሳቢራ ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ወንድ። ምጧ ቀላል፣ ልጁ ሲወጣ ጩኸቱ ግድግዳ የሚሰነጥቅ፣ ጡት ሲሰጡት የሚጎትት፣ ማሻአላህ ምንም የማይወጣለት ልጅ። እኔ የአስፋልት ዳር የሽንኩርትና የቲማቲም መደቤን ለጎረቤቴ ጥዬ አብሬያት ነበርኩ። ለአባቴ ደወልኩለት።

«አባ፣ እንኳን ደስ አለህ! ወንድ ነው!»

 «ማንም እንዳይልበት» አለኝ። «ነገ ስትመጡ እኔ ነኝ የምለው። ሰማሽ ዚነት?»

«ሰማሁ አባ።»

በማግስቱ ነጭ ጀለቢያውን አስወጥቶ ለብሶ፣ ወንበር አስወጥቶ በር ላይ ተቀመጠ። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። እኛ ደግሞ ጤና ጣቢያ ዕቃችንን ሸክፈን፣ ባጃጅ ጠርተን፣ ልንወጣ ስንል አዋላጇ «አንዴ ቆዩኝ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አለች። ከካርቶን ውስጥ አዲስ ማሽን አወጣች። ቀይ መብራት ያለበትን ጨርቅ የልጁ እግር ላይ ጠቀለለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የልብ ምት ነው። አዲስ ፕሮጀክት መጥቶ ደህና ሆነው የሚወጡትንም ሕፃናት እንድንለካ ታዘናል።»

«ደህና ከሆነ ምኑ ይለካል?»

«ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ነዋ!»

እሺ ብዬ ቆምኩ። ልጁ ጡቱን ጠግቦ ድብን ብሎ ተኝቷል። ማሽኑ ትንሽ ዝም አለና ጮኸ። ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ቀይ መብራቱ ይንቦገቦጋል። አዋላጇ ደነገጠች፤ ልጁን ነቀነቀችው፤ ልጁ ተቆጥቶ አለቀሰ፤ ማሽኑ ዝም አለ። ልጁ መልሶ ተኛ፤ ማሽኑ መልሶ ጮኸ።

«ከመቶ በታች ወረደ» አለች። «ከመቶ በታች ከሆነ ማስተላለፍ አለብኝ። ግዴታዬ ነው።»

ሳቢራ ክው አለች። «ልጄ ልቡን ታመመ?» ትላለች፤ እኔን ታያለች፣ አዋላጇን ታያለች። ያን ያህል ዓመት ለምና ያገኘችው ልጅ ነው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ፈራሁ። ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ፤ እኛ በአምቡላንስ ቆቦ ገባን። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ በር ላይ ዋለ።

ቆቦ የወሰዱን አንድ የእርዳታ ድርጅት ወደ ከፈተው የእናቶችና ሕፃናት ማዕከል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ! ክፉ ሰው ትሰድቡታላችሁ፣ ይወጣላችኋል። ሲስተር መቅደስ የምትባለዋ ነርስ ከሳቢራ ራስጌ አትለይም፤ አጥሚት እንኳ ከቤቷ አፍልታ አምጥታላታለች። ዶክተር ብርሃኑ የሚባለው ወጣት ሐኪም ልጁን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየው። ደረቱን አዳመጠ፣ ከንፈሩን ገልጦ አየ፣ ሲጠባ ቆሞ ተመለከተ።

«ልጁ ምንም የለበትም» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ዕቃዬን አነሳሁ።

«ቆይ እህቴ፣ መውጣት ግን አትችሉም።»

ዕቃዬን አስቀመጥኩ።

ነገሩን በትዕግሥት አስረዳኝ። አንዳንድ ደህና ሕፃን እንቅልፍ ሲወስደው የልቡ ምት ዝቅ ይላል፤ ሲነቃ ይመለሳል፤ የዚህም ልጅ እንደዚያ ነው። ማሽኑ ግን ከመቶ በታች ሁሉ እንዲጮህ ተደርጎ ተሞልቷል። ደንቡ ደግሞ አንድ ልጅ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይጮህበት ካልዋለና ካላደረ አይወጣም ይላል።

«ዶክተር፣ ሕፃን ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መተኛት ነው! ሲተኛ ደግሞ ይጮህበታል። ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው? ሲያገባ?»

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። «ማሽኑን ዝቅ አድርጎ መሙላት አይቻልም?» ስለው አንገቱን አከከ። ለመለወጥ ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ፓስዎርዱን የሚያውቀው ማሽኖቹን የተከለው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሰውየው ስልክ አያነሳም። የልብ ሐኪም አይቶ ይውጣ ካለም ይበቃል፤ የልብ ሐኪሙ ግን ደሴ ነው፤ የልጁን ፎቶና ቁጥር በስልክ ልከውለታል፤ ገና አልመለሰም። እኔ በዚህ መሃል የማስበው ሌላ ነበር። እዚህ ደህናውን ልብ ለመቁጠር ማሽን ተገዝቷል፣ ሐኪም ቆሟል፣ ነርስ ትሯሯጣለች። የታመመው ልብ ግን ሮቢት በር ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ማን ቆጠረለት?

አባቴ ደወለ።

«የት ናችሁ?»

ነገርኩት። ልቡን እንዳላስደነግጥ አለሳልሼ ነገርኩት።

«ልጁ ጡት ይጠባል?»

«ይጠባል።»

«ይጮሃል?»

«ኧረ ምን መጮህ፣ ያደነቁራል!»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የያዙት?»

«ሲተኛ ልቡ ቀስ ይላል አሉ።»

«የኔስ ሲተኛ መች ይሮጣል?» አለ። ሳቅኩና ወዲያው አለቀስኩ፤ እስትንፋሱ በስልኩ ውስጥ ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሥራ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ሳቢራና እኔ መከርን፤ ልጁ ካልተኛ ማሽኑ አይጮህም፣ ማሽኑ ካልጮኸ እንወጣለን፣ እንግዲያው እናንቃው! በተራ ያዝነው። እሷ ጉንጩን ታሻለች፣ እኔ ውስጥ እግሩን እነካካለሁ። ዓይኑ ክድን ሲል በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን እነካዋለሁ፤ ይነጫነጫል፤ ቁጥሩ ይወጣል፤ እኛ ደስ ይለናል። አንድ ልጅ ከእናቱ ማሕፀን እንደወጣ እንቅልፍ ተከልክሎ ዋለ ቢባል ማን ያምናል? የቆቦ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ላይ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ልጁ ደከመው፤ ጡቱን አፉ ውስጥ ይዞ እንኳ መሳብ ተወ። በመጨረሻ እንቅልፍ ሲጥለው እንደ ድንጋይ ጣለው፤ ቁጥሩም ከቀድሞው ይብስ ወረደ፤ ማሽኑ እንደዚያን ጊዜ ጮኾ አያውቅም።

ሲስተር መቅደስ ሮጣ መጣች። እርጥቡን ጨርቅ እጄ ላይ አየች። «ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች። ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በማርያም! ልጁን ልትገድሉት ነው እንዴ? ይተኛ!»

«ይተኛ? ሲተኛማ ታስሩታላችሁ!»

«እህቴ፣ እኔም ቆሽቴ አርሯል» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ አየሁ። «ግን እኔ ነቅዬው አንድ ነገር ቢሆንስ? ማን ነው የሚጠየቀው?»

የምትለው እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ ናላዬን አዞረው። የሚጣሉት ሰው ሲጠፋ ንዴት የት ይወርዳል? 

አንድ ጊዜ እንኳ ሊቀናን ነበር። ልጁ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ሲተኛም ቁጥሩ ከመቶ በላይ ቆየ። ማሽኑ ዝም። ሳቢራ ዱዓዋን ታነበንባለች። ጊዜው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ድሮ የሞተ ኖሯል፤ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ከባዶ ጀመረ። «የቅድሙን እኛ አይተናል እኮ! አንቺም አይተሻል!» ብላት ሲስተር መቅደስን «ማሽኑ ካልያዘው አይቆጠርም» ተባልኩ። ግቢው መሃል ወጥቼ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውሰውም። ዘበኛው ደጀን ውኃ ሰጠኝ።

ሰዎች ሊረዱን ሞከሩ። ሚስቱን ሊጠይቅ የመጣ አንድ ደግ የዋጃ ሰው «እኔ ልበልበት፤ ልጁ አዛን ሳይሰማ አይቆይ» አለ። ለአባቴ ስደውል «አመስግኝልኝ፤ ግን እምቢ» አለኝ። «እንግዲያው በስልክ በልበት አባ፣ ጆሮው ላይ እይዝልሃለሁ» ስለው ደግሞ ተቆጣ። «ሽቦ ውስጥ ገብቶ በወጣ ድምፅ? ልጁ በስልክ ነው እንዴ የተወለደው?» ቁጣው ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ መሃል ላይ ተቋረጠበት፤ ሲያስለው ሰማሁ። ጎረቤቱ ስልኩን ተቀብላ «ዚነት፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ከወንበሩ ግን አልነሳም ብሏል። ቶሎ ነይ» አለችኝ። ሳቢራን ጥዬ እንዳልሄድ እሷም እየፈራች ነው፤ እንዳልቀር አባቴ ነው። ለሁለት ተሰንጥቄ ቀረሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደጀን ከበሩ ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። «አባባ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አይደለም፤ ደግሞ ይህ የእናቶችና የሕፃናት ነው፣ ትልቅ ሰው አይታከምበትም» ይላል።

«ልታከም አልመጣሁም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ! ከባጃጅ ወርዶ፣ አጥሩን በአንድ እጁ ይዞ ቆሟል። ጀለቢያው አቧራ ነክቶታል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሮጬ ያዝኩት። «አባ፣ ምን ሆነህ ነው የመጣኸው? በአላህ!» ስለው «ልጁ መምጣት ካልቻለ እኔ ልምጣ እንጂ ታዲያ!» አለኝ። ደጀን ይህን ሲሰማ በሩን ከፈተ፤ ክንዱንም ያዘልኝ። ከበሩ እስከ ክፍሉ ያለችውን መንገድ እየቆምን፣ እያረፍን ገባን።

ሳቢራ ስታየው ተንሰቀሰቀች። አልጋዋ ጎን ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥነውና ልጁን፣ እግሩ ላይ ያለውን ሽቦ እንዳለ፣ ክንዱ ላይ አደረግንለት። አባቴ ፊቱን አየ፤ ብዙ ጊዜ አየው። «ሙንተሲርን ይመስላል፤ ምን ይደረግ» አለ። ሳቢራ እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚያ የልጁን ቀኝ ጆሮ ወደ አፉ አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ። «አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር» አለ። ድምፁ ቀጥኗል፣ ግን የሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች ዝም አሉ፤ ሲስተር መቅደስም በር ላይ ቆማ ሻሿን አስተካከለች። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። አባቴ ቀጠለ፤ ምስክርነቱን አለ፣ ደገመው። «ሐያ ዐለ ሰላህ» ሲል ግን እስትንፋሱ አለቀበት። ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ላብ አሰመጠው፤ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወረደ። ልጁን ከክንዱ ላይ ቀለብኩት።

ሲስተር መቅደስ «ዶክተር!» ብላ ጮኸች። አባቴን አንስተው ባዶው አልጋ ላይ አጋደሙት፤ ጋደም ማለት እንደማይችል ስነግራቸው ራስጌውን ከፍ አደረጉት። ኦክስጅን አመጡ። ዶክተር ብርሃኑ ደረቱን አዳምጦ «ማሽን፣ ማሽን አምጡልኝ!» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ማሽን አንድ ብቻ ነበር።

ሲስተር መቅደስ ወደኔ መጣች። እጄ ላይ ካለው ልጅ እግር ያንን ቀይ መብራት ያለበትን ጨርቅ ፈታችው። ያንን ሁሉ ጊዜ ማንም አይነካውም የተባለውን ጨርቅ፣ በአንድ እጇ፣ ጠርር አድርጋ ፈታችውና ሄዳ የአባቴ ጣት ላይ ጠቀለለችው።

«ልጁስ?» አልኩ።

ዶክተሩ ቀና እንኳ አላለም። «ልጁ ደህና ነው። ውሰዱት» አለ።

ውሰዱት! ቆሜ ቀረሁ። ፓስዎርዱስ? የአዲስ አበባው ሰውስ? የደሴው ሐኪምስ? «ከመጀመሪያውስ ለምን አልወሰድነውም?» አልኩ። ጮኼ መሆን አለበት፤ ሌላ ክፍል ያሉት ሰዎች በር ላይ መጡ። «አባቴ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ! ልጁ ደህና ሆኖ! ለምን?» ዶክተሩ አባቴ ላይ ጎንበስ እንዳለ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

አባቴ በጣቱ ጠራኝ። ቁጣዬን ዋጥኩና ቀረብኩ። በጣቱ ልጁን አሳየኝ። «አባባ፣ አሁን አይናገሩ፤ ይረፉ» አለችው ሲስተር መቅደስ። የኦክስጅኑን ጭምብል ወደ ጎን ገፋው። መልሳ ልታደርግለት ስትል ዶክተሩ እጇን ያዘ። «ተያቸው» አላት።

ልጁን ትራሱ ላይ፣ ጆሮውን ከአባቴ ከንፈር አጠገብ አስጠጋሁት። አባቴ ካቆመበት ቀጠለ። «ሐያ ዐለል ፈላሕ»ን አለ። እያንዳንዱን ቃል አየር ፈልጎ፣ ጠብቆ፣ አግኝቶ ነው የሚለው። እኔ ከሱ ጋር በሆዴ እላለሁ፤ ሳቢራ እግሩን ይዛለች። «አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር።» አረፈ። ቆየ። ቁጥሩ በማሽኑ ላይ ይወርዳል፤ ማንም አላየውም፣ ሁላችንም አፉን ነው የምናየው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ።

ጨረሰ። ቀልዱን ልጠብቅ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ አላላትም።

ዶክተር ብርሃኑና ሲስተር መቅደስ ብዙ ደከሙ፤ ይህን ልመስክር። ደረቱን እየተጫኑ ላባቸው ጠብ እስኪል ሞከሩ። ከዚያ ዶክተሩ ቆመና ሰዓቱን አየ። ሲስተር መቅደስ ማሽኑን አጠፋችው።

ለለቅሶ የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ። «ታድሏል፤ የመጨረሻ ቃሉ ላ ኢላሃ ኢለላህ ሆነ። ይህን ማን ያገኘዋል?» ይላሉ። ዱበርቲዎቹም፣ ዱዓ የሚያደርጉልን ትልልቅ ሴቶቻችን፣ እጄን ይዘው «አብሽሪ፣ ዚነት» ይሉኛል። መርሐባ፣ እሺ፣ እላለሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ አምናለሁም። ግን ማታ ሰው ሲበተን ያ ወንበር ይታየኛል። ልጁ ደህና ነበር። ሲወለድም ደህና፣ ሲተኛም ደህና፣ ያንን ሁሉ ቀን ደህና ነበር። አባቴ በራሱ በር ላይ ተቀምጦ፣ አየር ሳይለምን፣ በሙሉ ድምፁ ሊለው ይችል ነበር። ይህን የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ያን ቀን ልጁንና አባቴን በአንድ መኪና ይዘን ተመለስን። ሳቢራ ልጁን አቅፋ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ልጁ ከቆቦ እስከ ሮቢት አንዴም ሳይነቃ ተኛ፤ የቀሰቀሰውም አልነበረም።